ከመንገድ ወጥተን ያየነው ፍጥረት፦ የጾምና የትንሣኤ አስተንትኖ



ሙሴ የአማቱን የዮቶርን በጎች ሲጠብቅ፣ ቁጥቋጦው በእሳት ተያይዞ ሳለ የማይቃጠል መሆኑን ባየ ጊዜ፣ መንጋውን ነድቶ ማለፍ ይችል ነበር። እረኛ ነውና ሥራ ነበረው፤ ፀሐይም ቆማ አትጠብቀውም። እርሱ ግን ይህን ድንቅ ነገር ለማየት ከመንገዱ ዘወር አለ። ቅዱስ መጽሐፍ እንደሚነግረን፣ እግዚአብሔር ሙሴን በስሙ የጠራው ሊያይ ዘወር ማለቱን ከተመለከተ በኋላ ነው (ዘጸ. 3፣1-6)። እግዚአብሔር በመንገድ ለሚያልፍ ሁሉ ይናገራል፤ ድምፁን የሚሰማው ግን ቆም ብሎ ዘወር የሚል ነው።

እኛ ዛሬ የምንነግራችሁ ዘወር ማለት እንደ ሙሴ በፈቃዳችን ያደረግነው አይደለም፤ መንገድ ስተን ነው። ቢሆንም ከመንገድ ወጥተን ያየነው አንድ ፍጥረት፣ ከዚያም በኋላ አንድ ሐዘንተኛ ሽማግሌ የጠየቁን ጥያቄ፣ ከዐቢይ ጾም እስከ ትንሣኤ በልባችን ሲመላለስ ስለ ቆየ፣ በዚህ የትንሣኤ እትም ከእናንተ ጋር ልናስተነትነው ወደድን።

በጠዋት ያየነው

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም በመጋቢት ወር፣ ከነጆ ወደ መንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ከተማ ተነሥተን፣ መኪና ወደማይደርስባት አንዲት የጸሎት ቤት በእግር እንጓዝ ነበር። የዚያች የጸሎት ቤት ምእመናን ካህን ካዩ ወራት አልፏቸው ስለ ነበር፣ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ልናናዝዛቸውና መሥዋዕተ ቅዳሴ ልናሳርግላቸው ነበር አካሄዳችን። ከእኛ ጋር አንድ በዕድሜ የገፉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህርና ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። መምህሩ ይህን መንገድ ለብዙ ዓመታት የተመላለሱበት በመሆኑ፣ በጨለማም ቢሆን የሚስቱት አይመስለንም ነበር።

ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ የቀድሞው የእግር መንገድ አዲስ በተመነጠረ ማሳና በእሾህ አጥር ተዘግቶ አገኘነው። ማሳውን እንዞራለን ስንል ወደ ቆላማው ተዳፋት ወረድን፤ ከዚያም ሣሩ በተቃጠለበት፣ ኩይሳ እንደ ጎጆ በየቦታው በቆመበት ሜዳ መካከል ደረስን። መንገድ የለም፤ የከብት ዱካ እንኳ አይታይም። ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ከፊት ለፊታችን ካለ አንድ ትልቅ ኩይሳ ሥር አቧራ ሲጨስ አየን።

መጀመሪያ ከርከሮ መሰለን። ጥቂት እርምጃ ቀርበን ስንቆም ግን፣ ከአቧራው መካከል ራሱን ቀና ያደረገው እንስሳ ከርከሮ አልነበረም። ጀርባው ጎብጧል፤ ጆሮዎቹ እንደ አህያ ጆሮ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ አፉ እንደ አሳማ አፍ ረዝሞ እስከ መሬት ይወርዳል፤ ጅራቱ ከሥሩ ወፍሮ እየቀጠነ ይሄዳል። ቆዳው አፈር ለብሶ አፈር መስሏል። ጆሮዎቹን ወዲያና ወዲህ እያዞረ አዳመጠን እንጂ በዓይኑ የለየን አይመስልም። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ክሳቱ ነበር፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።

ከወጣቶቹ አንዱ «አባ! አዋልዲጌሳ ነው! መቃብር አፍራሹ!» ብሎ ድንጋይ አነሣ። ሌላው አማተበና «በጠዋት እርሱን ማየት ደግ አይደለም ይላሉ፤ እንመለስ» አለ። አረጋዊው መምህር የመጀመሪያውን ልጅ ክንድ ያዝ አድርገው «ተወው ልጄ፤ ራቱን ሳያገኝ የነጋበት ነው» አሉት። ድንጋዩ ከልጁ እጅ ወደቀ። እንስሳውም ድምፁን ሰምቶ በተቃጠለው ሣር ላይ እየሮጠ ከዓይናችን ተሰወረ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ «አባታችን ሆይ» ተደግሞ በሚያልቅበት ጊዜ ውስጥ ነው።

የሽማግሌው ጥያቄ

እውነቱን ለመናገር፣ እኛ እጅግ ተደስተን ነበር። በሀገራችን እየኖሩ ይህን እንስሳ በዓይናቸው ያዩ ጥቂቶች ናቸው። ሌሊት ይወጣል፤ ሊነጋ ሲል ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ሰው የሚያየው ጉድጓዱንና የቆፈረውን አፈር ብቻ ነው። ስለዚህ በቀረው መንገድ ሁሉ ገጠመኙን ለእኛ እንደ ተሰጠ ስጦታ ቆጠርነው። ከቅዳሴ በኋላ በዋርካው ጥላ ሥር ከምእመናን ጋር ስንቀመጥም እንደ መልካም ወሬ አወራነው፤ የእግዚአብሔር ፍጥረት ምን ያህል ድንቅ እንደ ሆነም ተናገርን።

በዚህ ጊዜ ከጫፍ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አባ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያ ያዩት እንስሳ ባለፈው ዓመት የባለቤቴን መቃብር ቆፍሮታል። አፈሩን በእነዚህ እጆቼ መለስሁት፤ ድንጋይም ጫንሁበት። ከዚያ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። አሁን እርሱንም የእግዚአብሔር ድንቅ ሥራ ነው ይሉኛል?»

ማንም አልተናገረም። እኛም መልስ አልነበረንም። በዘርዓ ክህነት ለዓመታት ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ተምረናል፤ እኒያ አባት በፊታችን ቆመው ሲጠይቁን ግን የተማርነው ሁሉ ከአፋችን ጠፋ። ያደረግነው ነገር ቢኖር አብረናቸው ወደ መቃብሩ ሄደን፣ ድንጋዩን አስተካክለን፣ ስለ ባለቤታቸው ነፍስ ዕረፍት ጸልየን መመለስ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው የዘገየ መልሳችን ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋልን?

አዋልዲጌሳ የሚለው ስም ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ የገባ ነው። አዋላ መቃብር ማለት ነው፤ ዲጌሳም የሚያፈርስ ማለት ነው። በሀገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ይህን ስም ግን ያወጣው ፍርሃት ይመስለናል።

በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር የምድር አራዊትንና የሰማይ ወፎችን ሁሉ ከፈጠረ በኋላ፣ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ያይ ዘንድ ወደ አዳም አመጣቸው (ዘፍ. 2፣19-20)። ስም ማውጣት ለሰው የተሰጠ ታላቅ አደራ ነው። ልብ እንበል፤ አዳም ስም ያወጣው እያንዳንዱን ፍጥረት ፊት ለፊት እያየ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንሰይመው በጨለማ የሰማነውን ድምፅና በማለዳ ያገኘነውን ጉድጓድ ብቻ ይዘን ነው።

ታዲያ ይህ እንስሳ በእውነቱ ምንድን ነው? ከሰሐራ በረሃ በታች ባለው አፍሪካ ብቻ ይኖራል። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ኪሎ ግራም ነው። አሳማና አህያ ቢመስልም የሁለቱም ዘመድ አይደለም፤ ሊቃውንት ከመደቡት ነገድ በምድር ላይ በሕይወት የቀረ እርሱ ብቻ ነው። እናቲቱ ብዙውን ጊዜ በዓመት የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው። ምግቡ ምስጥና ጉንዳን ነው። ምላሱ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የሚያጣብቅም ስለ ሆነ በአንድ ሌሊት በዐሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ነፍሳትን ይለቅማል። ትቶት የሄደውን ጉድጓድ ከርከሮ፣ ጃርትና ሌሎችም ብዙ ፍጥረታት መኖሪያ ያደርጉታል። ሥጋ የሚበላ አውሬ አይደለም። መቃብር የሚቆፍር ቢሆን እንኳ፣ በለሰለሰው አፈርና በሣጥኑ እንጨት ዙሪያ የሚሰበሰበውን ምስጥ ፍለጋ እንጂ ሙታንን ፈልጎ አይደለም።

እንግዲህ ለእኒያ አባት በመጀመሪያ ልንላቸው ይገባን የነበረው ቃል ይህ ነው፦ «አባቴ፣ ያ እንስሳ የፈለገው ባለቤትዎን አይደለም። ወደ መቃብራቸው ያመጣው የምስጥ ረኃብ ነው። በዚህስ ይረጋጉ፤ እንቅልፍም ይውሰድዎ።» ሐዘናቸውን ይህ ቃል አያጠፋውም። ነገር ግን በሐዘን ላይ የተጨመረውን አስፈሪ ሐሳብ ሊያነሣላቸው ይችል ነበር። ይህን ባለማወቃችን አንድ ሐዘንተኛ ያለ መጽናናት ቆሟልና፣ የአካባቢያችንን ፍጥረት አለማወቅ ለካህንም ለመምህርም ቀላል ጉድለት አይደለም።

በአንድ እጅ መርዝ፣ በሌላው ድንጋይ

የምዕራብ ወለጋ ሰው ምስጥ ምን እንደ ሆነ ከማንም መማር አያስፈልገውም። በመነ ስቡ፣ በጃርሶና በነጆ ምስጥ በቆሎውን ከሥሩ ቆርጦ ይጥላል፤ የጎጆውን ሣርና ምሰሶ በልቶ ባለቤቱን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌላ ቤት ሥራ ያሰኘዋል፤ የግጦሹን መሬት ራቁቱን ያስቀራል። ኩይሳውን በመድኃኒት መንዛትና ንግሥቲቱን ቆፍሮ ማውጣት ለብዙ ዓመታት ሲሞከር ኖሯል። የግብርና ባለሙያዎች አንድ ነገር ደጋግመው ያስረዳሉ፦ ደኑ ሲመነጠር፣ ሣሩም በከብት ብዛትና በእሳት ሲያልቅ፣ ምስጥ ድሮ ይበላው የነበረውን ደረቅ ሣርና የወደቀ እንጨት ስለሚያጣ ፊቱን ወደ ሰብላችንና ወደ ቤታችን ያዞራል። ምስጥም ራሱ በቦታውና በልኩ ሲሆን የወደቀውን አብስብሶ፣ አፈሩን ከፍቶ ውኃ የሚያስገባ የእግዚአብሔር ሠራተኛ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል፣ ደመወዝ ሳይጠይቅና መርዝ ሳይረጭ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምስጥ ሲያድን የሚያድር አንድ ፍጥረት አለ። እኛ ግን በስሙ ምክንያት በውሻና በድንጋይ እናሳድደዋለን። በአንድ እጃችን በምስጡ ላይ መርዝ እየነዛን፣ በሌላው እጃችን ምስጥ በሚበላው ላይ ድንጋይ እናነሣለን። እርሱ ብቻውን ምስጥን ያጠፋልናል ማለታችን አይደለም። ከጠላታችን ጋር አብሮን የሚዋጋውን እንደ ጠላት መቁጠራችን ግን እውነት ነው።

ይህን ስንል የገበሬውን ብሶት አናቃልልም። የአዋልዲጌሳ ጉድጓድ የበሬ እግር ይሰብራል። በወለጋ በቆሎ እሸት ሲደርስ ቀን ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከዱር አሳማና ከጃርት ለመጠበቅ አባት በማማ ላይ ያድራል፤ ልጅም ከትምህርት ቤት ይቀራል። ካህኑ ተኝቶ ሲያድር ማማ ላይ ያደረውን ሰው በማግስቱ «አራዊትን ውደድ» ብሎ መስበክ አይገባውም። አስቀድሞ «እንዴት አደርህ?» ሊለው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ሁለቱን አብሮ ይዟል፤ ሰው ለምግቡና ለሥራው በእንስሳት መጠቀሙን ይፈቅዳል፤ ያለ በቂ ምክንያት እንስሳትን ማሠቃየትና መግደል ግን የሰውን ክብር የሚጻረር መሆኑን ያስተምራል። ሰብልን መጠበቅና በጥላቻ መግደል አንድ አይደሉም።

ለምን በቀን ወጣ?

ወደ ከተማችን ከተመለስን በኋላ ክሳቱ ከዓይናችን አልጠፋ አለ። በሌሊት የሚኖር እንስሳ በጠዋት ፀሐይ ምን ሊሠራ ወጣ?

በደቡብ አፍሪካ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካላሃሪ ምድር በእነዚህ እንስሳት ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድርቅ ሆኖ ምስጥና ጉንዳን ሲጠፋ፣ የሚከታተሏቸው እንስሳት ሙቀታቸውን መጠበቅ አቃታቸው፤ ሌሊቱን ትተው በቀን ምግብ ፍለጋ ይወጡ ጀመር። ከስድስቱ መካከል ከአንዱ በቀር ሁሉም ሞቱ። እንግዲህ ይህን እንስሳ በቀን ማየት ለተመልካቹ የምሥራች ቢመስልም፣ ለእንስሳው የጭንቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። እኛ ያየነው ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል፤ የበጋው ድርቀትና የተቃጠለው ሣር፣ በሌሊትም የውሾች ማሳደድ ሆድ ሳይሞላ አስነግተውበትም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንድ ነገር እንናዘዛለን። እኛ ስጦታ ብለን የተደሰትንበት ነገር ለሌላው መከራ ነበር። አረጋዊው መምህር ግን በአንድ አፍታ አይተው ለዩት፦ «ራቱን ሳያገኝ የነጋበት ነው።» በመጻሕፍት ብዛት ያላገኘነውን እርሳቸው በርኅራኄ አገኙት። ጾም ይህን ማስተማር አለበት። የራሱን ረኃብ በፈቃዱ የቀመሰ ሰው የሌላውን ረኃብ ከሩቅ መለየት ይገባዋል። ቅዱስ ማርቆስ ጌታችን በምድረ በዳ አርባ ቀን በቆየ ጊዜ ከአራዊት ጋር እንደ ነበረ በአጭር ቃል ይነግረናል (ማር. 1፣13)። አላሳደዳቸውም፤ አልፈራቸውምም። በአባታችን በገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ላይ አንበሶችና ነብሮች በዙሪያቸው በሰላም ቆመው ሲታዩ፣ የሀገራችን አባቶች ይህንኑ የጾም ፍሬ እንዳስተዋሉ እንረዳለን።

ያላየነው ሁሉ የሌለ አይደለም

ሌላም ትምህርት አለ። ሰው ያላየው ነገር ሁሉ የሌለ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ፣ በአማራ ክልል ከሱዳን ድንበር አጠገብ በሚገኘው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ ተረጋገጠ ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተነገረ። ሃንስ ባወር የተባሉት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የመሩት ቡድን የእግሩን ዱካ አገኘ፤ በራሱ ፎቶግራፍ በሚያነሣ ካሜራም ምስሉን ያዘ። ለዓለም ታላቅ ዜና ነበር። በዚያ ለሚኖሩ ሰዎች ግን አንበሳው አዲስ ነገር አልነበረም፤ አስቀድመውም አይተውታል፤ የጠየቃቸው ግን ጥቂት ነበር።

በዚህ በወለጋም አባቶቻችን ብዙ ያውቁ ነበር። በምዕራብ ኦሮሞ መካከል የኖሩት የላዛሪስት ማኅበር ካህን አባ ላምበርት ባርተልስ፣ ስለዚህ ሕዝብ ሃይማኖታዊ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ «ሰፉ» ስለሚባለው ሕግ በሰፊው ጽፈዋል። ሰፉ በአባትና በልጅ፣ በሽማግሌና በወጣት፣ በሰውና በሌላው ፍጥረት መካከል ሊጠበቅ የሚገባው አክብሮትና ርቀት ነው። ሁሉም ቦታ አለው፤ የሌላውን ቦታ የረገጠ ሰፉን አፈረሰ ይባላል። እኛ በዚያ ጠዋት መንገድ ስተን የገባነው በሌላው ቦታ ነበር። በዚያ ሜዳ እንግዶቹ እኛ ነበርን፤ ድንጋይ ያነሣነውም እኛው ነን።

የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጅ የሆኑት ካፑቺናዊው ጳጳስ ጉልዬልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1852 ወደ ጉድሩ አሰንዳቦ ሲደርሱ ይህን ሰፉ የሚያውቅ ሕዝብ አገኙ። ፍጥረትን ሁሉ ወንድምና እኅት ብሎ የጠራውን ቅዱስ ፍራንቸስኮስን ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ተፈጥሮን ለሚንከባከቡ ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ሰይመውታል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ እያንዳንዱ ፍጥረት ለእኛ ከሚሰጠው ጥቅም ሌላ በእግዚአብሔር ፊት የራሱ ዋጋ እንዳለው አስተምረዋል። ሽማግሌዎቻችን ሰፉ ሲሉ የነበረውና ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው በዚህ ነጥብ ይገናኛሉ።

ሰውን ከመግደል በፊት

የተወደዳችሁ ሆይ፤ ስለ አንድ እንስሳ ስም ይህን ያህል መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በተለይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በወለጋ ምን እንዳየን እናውቃለን። መንገዶች ተዘግተዋል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ብዙዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ልጆቻቸውን አዝለው ተሰደዋል። ከእናንተ መካከል ይህን ስታነቡ የሚወዱትን ሰው የምታስቡ አላችሁ።

በዚያ ሁሉ ውስጥ የታዘብነው አንድ ነገር አለ። ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት ስም ይወጣል። ጎረቤቱን ለብዙ ዓመታት በክርስትና ስሙ ሲጠራው የነበረ ሰው፣ አንድ ቀን በሌላ ስም ይጠራዋል። ያን ስም መልአክ አላወጣውም። ፊት ለፊት አይቶ የሰየመውም የለም፤ በጨለማ የተሰማ ወሬ ነው ያወጣው። ስሙ ከተለወጠ በኋላ ማሳደዱ ቀላል ይሆናል፤ ምክንያቱም የሚሳደደው ያ ጎረቤት ሳይሆን ስሙ ይመስላል። በመንገድ ያገኘነው ወጣት ክፉ ልጅ አይደለም፤ የቅዳሴውን ዕቃ ተሸክሞ ከሌሊት ጀምሮ የተጓዘ ታዛዥ ልጅ ነው። ድንጋዩን በእጁ ያስያዘው የሰማው ስም ነው። ድንጋዩን ያስጣለው ደግሞ ሌላ ስም ነው፦ «መቃብር አፍራሽ» ሳይሆን «ራቱን ያላገኘ»።

ስለዚህ ስንፈራው ስለምንኖረው ሰው መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን፣ ራቱን በልቶ ይሆን? የነጋበት ምን ሳያገኝ ነው? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ፍትሕን አያስቀርም፤ በደል የፈጸመ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያለዚህ ጥያቄ ፍትሕ ከበቀል መለየቱን እንጠራጠራለን።

እውነተኛው መቃብር አፍራሽ

አሁን ወደ እኒያ አባት እንመለስ። የሚወዱትን ሰው መቃብር ተከፍቶ ማግኘት ከሐዘን ሁሉ የከበደ ሐዘን ነው። ማርያም መግደላዊት ይህን ታውቃለች። በሰንበት ማግስት ገና ጨለማ ሳለ ወደ መቃብሩ መጥታ ድንጋዩ ተነሥቶ ባየች ጊዜ፣ የመጀመሪያ ስሜቷ ደስታ አልነበረም። ጌታዬን ወስደውታል ብላ አለቀሰች (ዮሐ. 20፣1-15)። የተከፈተ መቃብር ለእርሷ ሁለተኛ ሞት ነበር። በአጠገቧ የቆመውንም አላወቀችውም፤ አትክልተኛ መሰላት። እርሷም በማታውቀው ላይ የተሳሳተ ስም አወጣች። እርሱ ግን በገዛ ስሟ «ማርያም» ብሎ ጠራት፤ በዚያ ጊዜ ዓይኗ ተከፈተ።

እንስሳውን ከጌታችን ጋር ማመሳሰላችን አይደለም፤ ይህን አንደፍርም። ነገር ግን ሰው በፍርሃት ያወጣው ያ ስም፣ በእምነታችን ውስጥ ከፍርሃት ነጻ የወጣበት አንድ ቦታ አለ። የክርስትና እምነት ሁሉ የቆመው በፈረሰ መቃብር ላይ ነው። መቃብርን ከውስጥ ያፈረሰ አንድ ብቻ ነው፤ ያፈረሰውም ለምግብ ፈልጎት ሳይሆን እኛን ፈልጎ ነው። ስለዚህ አባታችን ሆይ፤ በባለቤትዎ መቃብር ላይ የጫኑትን ድንጋይ በፍቅር ጭነውታልና ይቆይ፤ የፍቅርዎ ምልክት ነው። ያ ድንጋይ ግን የመጨረሻው ቃል አይደለም። ሙሴን ከቁጥቋጦው፣ ማርያምን በአትክልቱ ቦታ በስማቸው የጠራ አምላክ፣ ባለቤትዎንም በስማቸው የሚጠራበት ቀን አለ። በዚያ ቀን መቃብራቸው ሲከፈት ማንም አያለቅስም።

ለእናንተ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጥቂት አደራ እንተዋለን። ልጆችን ስለ ፍጥረት ስታስተምሩ በሩቅ ሀገር ሥዕል ብቻ አትጀምሩ፤ በአካባቢያችሁ ያለውን ጉሬዛ፣ ድኩላና አዋልዲጌሳ በስማቸውና በሥራቸው አስተዋውቋቸው። ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ የሚያውቁት ሳይጠየቁ አብሯቸው እንዳይቀበር። የመቃብር ቦታችንን በድንጋይ በሚገባ እንሥራ፤ ይህ ሐዘንተኛውን ከሥቃይ፣ እንስሳውንም ከድንጋይ ያድናል። በጸሎት ቤታችን ዙሪያ ጥቂት ሣርና ዛፍ ሳይመነጠር፣ ሳይቃጠል እንተው። ከሁሉ በላይ፣ በቤታችንና በገበያው ስለ ጎረቤት የሚነገረውን ስም እናጣራ። ልጅ ሲሰማ የምንናገረው ስም ነገ በእጁ የሚይዘው ድንጋይ ነውና።

ከመንገድ ዘወር ያሰኘን፣ ዓይናችንንም የከፈተልን እግዚአብሔር፣ ፍጥረቱን ሁሉ በእውነተኛ ስሙ የምንጠራበትን ጸጋ ይስጠን። በመቃብር ላሉት ዕረፍትን፣ ለሐዘንተኞች መጽናናትን፣ ለወለጋ ምድርና ለሀገራችን ሰላምን ያድልልን። አሜን።

ለውይይት

1. በአካባቢያችን በክፉ ስም የሚጠራና የሚሳደድ ፍጥረት የትኛው ነው? ስለ እርሱ በዓይናችን ያየነው ምንድን ነው? በወሬ የሰማነውስ?

2. ሰብሉን ከአራዊት የሚጠብቅ ጎረቤታችንን ቁምስናችን እንዴት ሊረዳው ይችላል?

3. በዚህ በትንሣኤ ወቅት በየትኛው ጎረቤታችን ላይ ያወጣነውን ስም ልንተው ይገባናል?